ኦቦ ዋቆ ሳነቴ ሊወጡ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለዲሪርሳ ዋቆ፣ ባሌ፣ ዲንሾ።

ዲሬ የእናቴ ልጅ፣ አካም ጅርታ? እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከነፋሱ ጋር ትታገላለህ? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? የምትጋልባት ባዝራ ደህና ናት? ቀበሮዎችህስ አማን ናቸው? ሳትስቅ መልስልኝ፤ ዘንድሮ በኛ ቤት የቀበሮ ጤና የሚጠየቅበት ምክንያት አለ። እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደለን ያንተ ድምፅ ብቻ ነው። በደወልኩ ቁጥር የምታነሳልኝ ያቺ «ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም» የምትለዋ ሴትዮ ናት። ካንተ ይልቅ እሷን ለምጃታለሁ፤ አንድ ቀን እንደምን አደርሽ ሳልላት አልቀርም።

ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ነገሩም ቢሆን በስልክ እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። ይህን የሚያደርስልህ ሮቤ የሚሠራ የሉቃስ ጓደኛ ነው። ሉቃስ ማለት ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የተከራየው የወላይታ ልጅ ነው፣ ግንበኛ። ከደብዳቤው ጋር ቆሎና በሶ አለ፤ ሹራቡን እማዬ ናት የላከችው፤ አንገቱ ጠበበኝ ብለህ እንዳትተወው።

አሁን ወሬውን ስማ። ቆመህ ከሆነ ቁጭ በል። አባዬ ባሌ ሊመጡ ነው! አዎ፣ የኛው አባት፣ ስምህ በተነሳ ቁጥር ሥራ እንዳለበት ሰው ብድግ ብለው ወደ በረት የሚገቡት ኦቦ ዋቆ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አባዬ የከብት መድኃኒት ሊገዙ ከተማ ወጥተው ሳለ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ሻይ ቤት ተጠለሉ። ቴሌቪዥኑ የባሌን ተራሮች ያሳያል። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት ያን ሁሉ ሜዳ ነው፤ «ይህ ሁሉ መሬት ጦሙን አደረ?» ብለው ጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ሲጠይቁ አንተ ብቅ አልክ። አረንጓዴ ልብስህን ለብሰህ፣ የሩቅ ማያ መነጽርህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ ታስረዳለህ። በዚህ መሐል ጎረምሶቹ ኳስ ተጀመረ ብለው ስለጮኹ አስተናጋጇ ጣቢያውን ለወጠችው። ዲሬ ሙት፣ አባዬ በዱላቸው ጠረጴዛውን ጓ አደረጉትና «መልሺው! ልጄ እየተናገረ ነው!» አሉ። ልጅቷ ደንግጣ መለሰችው፤ ከሥር የተጻፈውንም ራሷ አነበበችላቸው፤ ዲሪርሳ ዋቆ ይላል። ጎረምሶቹ የመጀመሪያዋን ጎል ሳያዩ ቀሩ፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እኔን ይወቅሱኛል።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። እሳቸውማ ቤት ሲመጡ ትንፍሽ አላሉም። መድኃኒቱንም ሳይገዙ ነው የመጡት። እራት ላይ ግን «ይቺ ባሌ የምትባለዋ በየት በኩል ናት?» አሉ፣ ጊደር ጠፍታባቸው የሚያፈላልጉ ይመስል። እማዬ የጠቀለለችውን ጉርሻ እንደያዘች እኔን አየች፣ እኔ እሷን አየሁ። «ሩቅ ናት» አልናቸው። «ርቀቷን መች ጠየቅሁ» አሉና ወደ እራታቸው ተመለሱ።

ያን ክፉ ክረምት ማንሳት አልወድም ነበር፤ ግን ሳይነሳ ይህ ደብዳቤ አይሞላም። ከኮሌጅ ተመርቀህ ስትመጣ ስለ እንስሳት ተማረ ሲባል አባዬ የላም ሐኪም መስለሃቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ቀጠሮ ሰጥተውልህ ነበር። የዱር አውሬ መሆኑ ሲታወቅ ያፈሩትን እፍረት ታስታውሳለህ። በዚያ ላይ ቀበሮ ጠቦቶቹን ሲፈጅባቸው መርዝ ቀብተው ያስቀመጡትን ሥጋ አንተ ወስደህ ቀበርከው። በማግስቱ አውራውን በግ ቀበሮ በላው። «አውሬ ከበግ ከበለጠብህ ሂድና ከአውሬ ጋር ኑር! እኔም ደጅህን አልረግጥም!» ያሉህ ያኔ ነው። አንተም የአባትህ ልጅ ነህና ሄድክ። ይኸው ስድስት ዓመት! እኔና እማዬ በሁለት እልኸኛ በሬ መሐል እንዳለ ቀንበር ስንጎተት ኖርን። እማዬ ስንቴ ከኔ ጋር ተደብቃ እንደደወለችልህ አንተ ታውቃለህ።

ለማንኛውም አሁን ነገሩ ተለውጧል። ቤታችን ከሁለት ወር ወዲህ የሚወራው ስለ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተጣላነው በቀኑ ነበር። በጥቅምት ድርቆሽ አለ፣ በኅዳር አጨዳ፣ በታኅሣሥ ውቂያ፣ ከገና በኋላ የዘመድ ሠርግ፣ የካቲት ላይ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል። እኔም ተናድጄ ገበሬ ዕረፍት የሚያገኘው ሲሞት ብቻ ነው አልኩ። በመጨረሻ ጥምቀትንና ሚካኤልን አሳልፈን ጥር 14፣ ሐሙስ እንድንነሳ ተቆረጠ። የምንደርሰው ዓርብ ነው፤ እማዬ «ልጄ ሳያስበው በጾም ቀን በግ እንዳያርድ፣ ቅዳሜን ይጠብቅ» ብላለች። አደራ፣ ቅዳሜን ጠብቅ።

የመንገዱ ሚኒስትር ሉቃስ ሆኗል። ሮቤ ላይ ሁለት ዓመት ግንብ ስለሠራ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጦ በከሰል መንገዱን ሣለልንና ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከሱሉልታ በሚኒባስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአዳማ አድርገን አሰላ እንገባለን፣ እዚያ እናድራለን። በበነጋው በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርገን ዲንሾ። አሰላ ማደር ለምን አስፈለገ ብል አባዬ «ከተነሳን አይቀር የአርሲውን ተራራ ጭላሎንም እንየው፤ እሱም ፓርክ ሆኗል አሉ፤ ሁለት ፓርክ ያየ አንድ ካየ አይሻልም?» አሉ። እኔ ግን ልንገርህ? ፈርተው ነው። እዚህና አንተ መሐል አንዲት ሌሊት ማስገባት ፈልገው ነው። አይቼባቸው እንዳላየሁ አለፍኩ።

ፓርክ የሚለው ነገር ራሱ ለአባዬ ገና አልዋጥ ብሏቸዋል። ያልታረሰ መሬት ጠባቂ ተቀጥሮለት፣ ቀበሮ ደመወዝተኛ ተመድቦለት፣ ሰው ደግሞ ከፍሎ ሊያየው ሲመጣ! «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ሳባርረው የኖርኩትን» ይላሉ። እማዬን ተራራውም ቀበሮውም አይገዳትም። እሷ ያየችህ ዕለት ጉልበቷን ይዛ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በኋላ ሮቤ ገበያ ወርዳ የሐረና ጫካ ማር ትፈልጋለች። ይኸው ነው የሷ ዕቅድ።

ትልቁ ራስ ምታት ቡሬ ነበረች። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጣች ድቅል ላም ናት፤ ከአባዬ እጅ በቀር ወተት አታወርድም። እኔ እንኳን ወተት መሰብሰቢያ ከፍቼ የሱሉልታን ላም ሁሉ በጠባዩ የማውቀው ሴትዮ ስቀርባት ትራገጣለች። መላውን ያመጣችው የሉቃስ ሚስት ብርሃነሽ ናት። የአባዬን አሮጌ ካፖርት ለበሰች፣ ባርኔጣቸውን ደፋች፣ ገባች። ቡሬ አሸተተቻት፣ አሸተተቻትና ቆመችላት! ብርሃነሽም የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር እያንጎራጎረች ጣሳውን ሞላችው። አባዬ ከበር ላይ ቆመው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ስንል ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺን ላም ታማኝ ናት ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያም ቆይተው «ጭራሽ ጴንጤ አደረገቻት» ሲሉ ከሁላችንም በላይ የሳቀችው ብርሃነሽ ናት።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ልንገርህ። አባትህ ልምምድ ጀምረዋል! ማለዳ ማለዳ ዱላቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ በኩል ዳገቱን ይወጣሉ። ሯጮቹ ባጠገባቸው ሽው እያሉ «አይዞዎት አባባ!» ይሏቸዋል። ሄመን የምትባል አንዲት ሯጭ ለየትኛው ውድድር ነው ብላ ብትጠይቃቸው «ለሳነቴ» አሏት፣ ቀበሮዎችህ ላሉበት ተራራ፣ ፍንክች ሳይሉ። ልጅቷም ነገሩን ከምር ይዛ ከፍታ ላይ አይቸኩሉ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ ብላ መከረቻቸው። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኝ ሆነውልናል። እማዬ የዱቄት ጆንያ ስታነሳ እንኳ «ትንፋሽሽን በአፍንጫ!» ይላሉ። ጉልበታቸው ግን ያው ነው፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱን በጎን በጎን ነው የሚወርዱት።

እኔም ይህን እያየሁ ሰጋሁ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሳነቴ ደግሞ የሱሉልታ ብርድ የሚመስል አይደለም፣ ጭቃ እንኳ ሌሊት ድንጋይ ይሆናል ብለኸኛል። ዲሬ ለጥምቀት ይምጣ አልኳቸው፤ እምቢ። እሺ፣ እሱ ሮቤ ይውረድና አልጋ ቤት ይዘን እዚያ እንገናኝ፣ ሙቅ ውኃ አለ አልኳቸው፤ እምቢ። ጎባስ አልኳቸው፤ እምቢ። ቀበሮዎቹ ያሉበት ሜዳ ላይ ካልሆነ አይሆንም አሉ። እልህ መሰለኝ። የኛ ሰው ለይቅርታ እንኳ ሲሄድ በእልህ ነው ብዬ ሰደብኳቸው፣ ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ አይደለም፣ ፊት ለፊት።

አልተቆጡም። ባለፈው እሑድ ነው ይህ። ጾሙ ስለገባ ወተቱ ተርፎብኝ ቅቤ እየናጥኩ ነበር። መጥተው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ያሉትን አንድም ሳልጨምር ነው የምጽፍልህ። «አጸደ፣ ሂድና ከአውሬ ጋር ኑር ያልኩት እኔ ነኝ። የአባት ቃል ክፉ ነው፣ እዚያ ድረስ ደርሶ ያዘው። አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ብመርቀው ምርቃቴ ከግቢዬ አያልፍም። አልጋ ቤት ውስጥም አይሆንም። ቃሉ ያለበት ሄጄ፣ እርጥብ ሣር ይዤ፣ አውሬዎቹ እያዩ ነው የማነሳው።»

የምንጠውን ቅል ይዤ አለቀስኩ ዲሬ። ደስ ብሎኝም ነው፣ አዝኜም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስምህን ሽሽት በረት የሚገቡት ተናደው ይመስለኝ ነበር። ለካ ቃላቸውን ፈርተው ነበር። ዕንባዬን ጠርጌ በሉ እንግዲህ ነገ የአውቶቡሱን ትኬት ልቁረጥ ስላቸው ግን እጄን ያዙኝ። ገና ነው አሉ። «ደጅህን አልረግጥም ብያለሁ። ያ ተራራ እንግዲህ ደጁ ነው። ደጁን አልረግጥም ያለ ሰው ዘው ብሎ አይገባም፣ ባለቤቱ ሲጠራው ነው። ልጄ ይምጡ ካለኝ እሄዳለሁ።» ካላለዎትስ አልኳቸው። «ካላለኝም መብቱ ነው» አሉና ተነሡ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ መንገዱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ላሚቱም እሺ ብላለች። የቀረው ያንተ ነው። ሙግትህን አውቃለሁ። ያንን ሥጋ በመቅበርህ ትክክል ነበርክ፤ ውሻና የጎረቤት ልጅ ሊሞትበት ይችል ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ አይሉህም እንጂ። አንተም ስለ በጉ አታንሳ፣ ስለ መርዙ አታንሳ፣ ስለ ቴሌቪዥኑም እንደሰማህ አታድርግ፣ ያፍራሉ። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ውጣና ደውል። ለኔ አይደለም፣ ለእማዬም አይደለም፣ ለራሳቸው ለአባዬ። «ይምጡ» በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር።

እማዬ ግንባርህን፣ ሁለት ጉንጭህን፣ ደግሞ ግንባርህን ስማሃለች፤ ሹራቡን ካልለበስክ ግን ስሞሹ ይመለስልኝ ብላለች። ሉቃስ ሰላም ብሎሃል፤ መንገዱ አዳባ ላይ ተቆፍሮ ከሆነ ቀድመህ ንገረው፣ ካርታውን ያርማል። ብርሃነሽ ሳታውቅህ በጌታ ስም ሰላም ብላሃለች። እኔማ በዚህ ሁሉ ወረቀት ሰላም ስልህ ነው የዋልኩት።

አባዬ ሰላም አላሉህም። ስልካቸውን ሁልጊዜ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚተውት፤ ከእሑድ ወዲህ ግን ማታ ማታ ለእኔ እየሰጡ ያስሞሉታል፣ ቀን ከደረት ኪሳቸው አይለይም። አሁን ይህን ስጽፍ ቡሬን እያለቡ ነው፤ ስልኩን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጠውታል፣ በአንድ እጃቸው ነው የሚያልቡት።

እህትህ አጸደ ዋቆ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.