ሙሴን በየጠዋቱ የከለከሉት የወይዘሮ ለተ ሚካኤል ገብሩ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው። የማያምን ቢኖር ስማቸው በተሰየመበት በሚካኤል ጸሐፊው ይማልለታል፤ ያ ካልበቃው የሽንኩርት ሸሪኩ አብዱሰመድ እዚሁ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለተቀመጠ ወላሂ ብሎ ይጨምርለታል። ጸሐፊው ባለቤታቸው ሙሴ ነው። ልጆቻቸው ሩትና ዓወት የተማረ ሰው ይጻፈው ብለው ነበር፤ ሙሴ ግን ሌላ ሰው ስለ ሚስቱ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ማየት ስላልቻለ ወረቀቱን ነጥቆ ወሰደ። ስለ ራሱ «እሳቸው» እያለ መጻፍ ነውር ስለሆነበትም በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው አክብሮት ሁሉ የወይዘሮ ለተ ሚካኤል ነው፤ ሙሴ ሙሴ ብቻ ይባላል።

ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብሩ ሐዱሽ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወሰንየለሽ አበጋዝ ጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከማይጨው ወርደው ቆቦ የከተሙ የጨው ነጋዴ ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ አፋሮች በግመል ያመጡት ጨው የሚራገፍበት መጋዘን ነበር፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ለተ ሚካኤል ገና ከወገብ በላይ ሳያድጉ ከአንገታቸው አንጠልጥለው ይይዙት ነበር። ማን ገብቶ እንደሚጭን፣ ማን ደጃፍ ቆሞ አይቶ እንደሚመለስ፣ ማን ሚዛኑን እንደሚነካ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን አንዲት ግመል ሳይፈቀድላት አንገቷን በመስኮት ብታስገባ «ማን ፈቀደልሽ?» ቢሏት፣ ግመሏ አፍራ ዞር ብላ ጎብዬ ከተማ እስክትደርስ አልቆመችም። ይህም እውነት ነው።

ሙሴ የጎረቤት ልጅ ነበር። ማታ መጋዘኑ ሲቆለፍ «ሙሴ፣ እስኪ ሞክር» ይሉታል። እሱም በሩን ይገፋል፣ መስኮቱን ይነቀንቃል፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይፈትሻል። መግባት ሲያቅተው ፈገግ ይሉና ቁልፋቸውን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ሙሴ ጨዋታ ይመስለው ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆቦ ተምረው፣ ማትሪክን በጥሩ ውጤት አልፈው በ1973 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሙሴ ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጣልቶ ነበርና ቆቦ ቀረ። ቅናቱ የጀመረው ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ የቀናው በአውቶቡሱ ሾፌር ነበር፤ ምክንያቱም ሮቢትን አልፎ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመስታወቱ ሲያያቸው ይውላል።

በ1976 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ የገንዘብ ተቋም መረጃ አስገቢ ሆነው ተቀጠሩ። ውለው ሳያድሩ አለቆቻቸው የሴትየዋን ጠባይ አዩና ማይንፍሬም ወደሚባለው ዘንድ አዛወሯቸው። ማይንፍሬም አንድ ክፍል የሚሞላ ትልቅ ኮምፒዩተር ነው፤ በየከተማው ያለው የተቋሙ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራበታል። ዝም ብሎ ግን ማንም አይገባበትም። ወይዘሮ ለተ ሚካኤል መጀመሪያ ሰውየውን ተጠቃሚ ብለው በስሙ ያስገቡታል፤ ቀጥሎ ከሚሠራው ሥራ ጋር የሚሄድ ቡድን ይሰጡታል፤ ከዚያ ቡድኑ የቱን አይቶ እንደሚያልፍ፣ የቱን መለወጥ እንደሚችል ይወስናሉ። ሠራተኛው ሲዛወር ከቡድኑ ያወጡታል፤ ሥራ ሲለቅ ስሙን ይዘጋሉ። ለሺህ ሰው ፈቃድ ሲሰጡ የሰውን ሒሳብ ከፍተው ማየት ግን ለራሳቸው አልፈቀዱም። ማሽኑ እንዳይሞቅ ተብሎ ክፍሉ እጅግ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሙሴ ከቆቦ የላከው ሽንኩርት ደጃፉ ላይ ሁለት ክረምት ሳያበቅል ተቀምጧል።

በ1979 ዓ.ም. ከሙሴ ጋር በቆቦ ጋብቻቸውን ፈጽመው ሩትንና ዓወትን ወለዱ። ልጆቹ አዲስ አበባ ከእናታቸው ዘንድ አደጉ። ሙሴ የራያን ሽንኩርትና ማሽላ በአይሱዙ እየጫነ ይመላለስ ነበር፤ ቆቦ ሲሆን ልቡ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ሲሆን ደግሞ እሳቸው ቢሮ ናቸው። ማሽኑ ሲታመም በእኩለ ሌሊት ተጠርተው ይሄዳሉ፤ ሙሴ ጉንፋን ሲይዘው ዝንጅብል ጠጣ ይባላል። በቢሮው ሙዓዊያ የሚባል፣ የወሎ ልጅ፣ ረጅም፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ የፕሮግራም ባለሙያ ነበር። ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ከሁሉ ከፍ ያለውን ፈቃድ ለሙዓዊያ እንደሰጡት ሙሴ ሰማ። ከዚያ በኋላ የበላው እንጀራ አልተስማማውም። የሽንኩርት ሸሪኩ አብዱሰመድም በጎብዬ ገበያ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ «አንተዬ ሙሴ፣ የአንተዋ ሴት ሺህ ወንድ በስም ለይታ ታስገባለች አሉ፤ አንተን ግን ዘበኛው እንኳ አያስገባህም» ይለው ነበር።

ሙሴም ለመናቸው። ለእሱም አንድ ስም እንዲከፍቱለት፣ ምንም ላይነካ፣ ቆሞ ሊያይ ብቻ። እዚያ ምን ሥራ አለህ ብለው ሳቁ። ስላልሆነለት ከቆቦ ስልክ ደውሎ ድምፁን አጎርንኖ የተቋሙ ትልቅ ሹም ሆነ፤ ሙሴ ለሚባል ባለሙያ ፈቃድ በአስቸኳይ ይሰጥ ብሎ አዘዘ። ወይዘሮ ለተ ሚካኤል በትሕትና እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እሺ ጌታዬ» አሉ፣ «ጥያቄው በደብዳቤ ይምጣልኝ። እስከዚያው ደመና ስለሆነ ሽንኩርቱን ከዝናብ ያስገቡት።» በዚህ ምክንያት ሙሴ አንድ ሙሉ ጾም አኩርፎ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ እነዚያ ሁሉ ስሞች በሚኖሩበት ቤት የእሱም ስም እንዲኖር።

ቆቦ መንገድም ስልክም ተዘግቶባት በነበረበት ጊዜ ሙሴ እዚህ፣ እሳቸው እዚያ ሆነው ወራት አለፉ። አንዱ ስለ ሌላው መኖር አያውቅም ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሙሴ በመጀመሪያው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ጥር 2014 ዓ.ም.፣ የባለቤቱ የጡረታ ሽኝት ቀን ሆኖ አገኘው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘበኛው አሳለፈው።

አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ዞረ። እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፤ አንዷ ልጅ ተነሥታ «እውነት ሙሴ የሚባለው እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። ነኝ ቢል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሙሴ በሽንኩርት ንግድ ይህን ያህል መታወቁ ገርሞት እጅ ነሣ።

ነገሩን የገለጠችው ሥራውን የተረከበቻቸው ሄርሞን ናት። ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ይህን ሥራ በጀመሩ ሰሞን አንድ ተጠቃሚ ከፍተው ነበር አለች፤ ስሙ ሙሴ። ቡድን የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ የእኔ የሚለው ነገር የለውም። ሠራተኛው ሳይገባ ጠዋት ቀድመው ይመጡና በሙሴ ስም ማሽኑን በር በበር ይሞክራሉ። ማሽኑ «አልተፈቀደም» ይላል። ሁሉም በር ሙሴን ከከለከለ በኋላ ነው ካፖርታቸውን አውልቀው ሻያቸውን የሚጠጡት። እዚያ ቤት ያለፈ ባለሙያ ሁሉ ሥራውን የተማረው በዚህ ስም ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተምሩትም አንድ ቃል ነበር፦ «ሙሴ ከገባበት ማንም ይገባበታል።»

ቀጥላም መንገድ ስለተዘጋባቸው ወራት ተናገረች። እነዚያን ጠዋቶች ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ስሙን ጽፈው ቁልፉን ይመቱና፣ ማሽኑ አልተፈቀደም ሲል ወደሚቀጥለው በር ሳያልፉ ስሙን እያዩ ይቀመጡ ነበር። ሻዩ ይቀዘቅዛል። 

ሙዓዊያ፣ ያ ሸሚዙ የማይጨማደደው፣ መጥቶ ሙሴን አቀፈው። «እኔ እዚህ ቤት ያልገባሁበት በር የለም፤ በሰው የቀናሁት ግን ባንተ ብቻ ነው» አለው።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሴ ለምን ይህን ሁሉ ዘመን እንዳልነገሩት ጠየቃቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ብነግርህ መሞከሩን ትተወው ነበር» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት የሚባል ነገር ከሙሴ ለቀቀ።

ሥራ የሚለቅ ሰው ስም ይዘጋል፤ የያዘው ሁሉ አስቀድሞ ለሌላ ይተላለፋል፤ ያለዚያ ባለቤት አልባ ይቀራል። ወይዘሮ ለተ ሚካኤልም ሁሉን ለሄርሞን አስረክበው የገዛ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉ። ሙሴ ግን የሚያስረክበው ስላልነበረው እዚያው ቀረ። ሄርሞን እንዳለችው እስከ ዛሬ ድረስ በየጠዋቱ ይከለከላል።

ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ወደ ቆቦ ተመልሰው የሰፈሩን እድር ዕቃ ቤት ያዙ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በአንድ ጣሪያ ሥር ነበርና ማን አውጥቶ እንደሚሰጥ፣ ማን ቆጥሮ እንደሚረከብ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ሀጀራ ጋር ሥርዓት አበጁለት። ዛሬ የተጠለልንበት ድንኳን ሳይቀደድ የቆየው በእሳቸው ነው። ማታ በሩ ሲቆለፍም እንደ ልጅነታቸው «ሙሴ፣ እስኪ ሞክር» ይሉት ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በቆቦና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ሐኪም ሰው እንዳይገባ አዝዞ ስለነበር ሙሴ ከደጅ ቀረ። በሩን ገፋ፤ ነርሷ መለሰችው። ዞሮ በሌላው በኩል ሞከረ፤ ከዚያም መለሰችው። ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማ። ሙሴ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ቃል ለነርሷ ተናገሩላት።

«ልጄ፣ እሱን አስገቢልኝ። ፈቅጃለሁ።»

ገባ። እጃቸውን ይዞ አደረ፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በስልሳ አራተኛ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ ቆቦ መጥቶ ተቀበረ። ልጆቻቸው ሩትና ዓወት፣ የልጅ ልጃቸው ዳናይት፣ እንዲሁም ባለቤታቸው ሙሴ ቀርተዋል።

ለሰው ሁሉ እንደ ሥራው ቦታ ሲሰጡ ለኖሩት ለወይዘሮ ለተ ሚካኤል እግዚአብሔር ከቅዱሳኑ ማኅበር ቦታቸውን ያዘጋጅላቸው፤ ስማቸውንም ከማይዘጉት ስሞች ጋር ይጻፍልን። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ላጽናናችሁን፣ ላስለቀሳችሁንም ላሳቃችሁንም፣ እሱ ብድራችሁን ይክፈል።

ሚካኤል ከተጠራ ዘንድ አንድ ነገር ይስተካከል። ግመሏ እውነት ናት፤ ሽንኩርቱም እውነት ነው። ሙሴ ከራሱ የፈጠረው አንድ ብቻ ነው፤ ከጡረታው ቀን ጀምሮ ቅናቱ ለቀቀው የሚለው። አልለቀቀውም። ዛሬ የሚቀናው በዚህ አፈር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይከለከል አቅፏቸው ያድራልና። ድንኳኑ ተነሥቶ ሲመለስ ወይዘሮ ሀጀራ የዕቃ ቤቱን በር ትቆልፋለች፤ ሙሴም ይሞክራል።