የዛለችው አቦር

እሑድ፣ ሰኔ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ትሮስተሩድ

ሄለን ከወለደች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። «የዓሣ ሾርባ አማረኝ፤ ሂድ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብላ ገፋፍታኝ ጠዋት ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «አራስ ብቻዋን አትተውም» ትለኛለች። እኔና ሄለን እንስቅባታለን።

አቦር የሚሏት የዚህ አገር ዓሣ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ከሸምበቆው ርቃ ጥልቁ ውስጥ ታርፋለች። መንጠቆዬን እዚያ ጣልኩ። አንዲት ትልቅ ተያዘችልኝ፤ ግን አልታገለችም። ሆዷ ተጣብቋል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጎትታ መጣች። አፏን ብቻ ትከፍታለች።

ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ሄለን ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደገምኩ፤ አታነሳም። ያኔ በእጄ የያዝኩትን ቢላ አየሁት። እማዬ አደራ ብላኝ ከሄለን ትራስ ሥር ያስቀመጥኩት ቢላ ነው። ለካ ጠዋት ስቸኩል፣ ስለቱ ጥሩ ነው ብዬ ይዤው ወጥቻለሁ።

ዓሣዋን ለቀቅኳት። ባቡር ውስጥ ቆሜ እየጸለይኩ መጣሁ።

በሩን ስከፍት ሄለን ልጃችንን እያጠባች ነው። ስልኳ ቻርጅ ላይ ሳሎን ነበር።

«ዓሣውስ?»

«ናይ፣ ዛሬ የለም» አልኳት፤ «ናይ» በዚህ አገር ቋንቋ «አይ» ማለት ነው።

እንቅልፍ ሲወስዳት ቢላውን ልመልስ ትራሷን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። ከሥሩ መቀስ አለ።