ጥጋቸው የተቆረጠ ካርዶች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም መዝገበ ቃላት፣ ዛሬም ካርድ። የመጨረሻ ክለሳዬ እንግሊዝኛው «ኤስ» ላይ ደርሷል። የዛሬዋ ቃል ሳቦታጅ። እንግሊዞች ከፈረንሳይኛ የወሰዷት የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ሥሯ «ሳቦ»፣ የእንጨት ጫማ። ሠራተኞች ተናደው ጫማቸውን ማሽን ውስጥ ወረወሩ የሚል ወሬ አለ... ደስ ይላል! ግን የድሮ ምስክር የለውም። ግሱ መጀመሪያ በእንጨት ጫማ እያንኳኩ መራመድ ነበር፤ ከዚያ ሥራን በግዴለሽነት ማበላሸት፤ ኋላ ሆን ብሎ ማበላሸት።

ካርዱ ጥግ ላይ የስሜን ሁለት ፊደል ጻፍኩ። ያስለመደኝ ጋሼ ነው፤ ዋና አዘጋጃችን፣ አንቱ ሳልል እንደ አባቴ አንተ የምለው። «ያልተፈረመ ካርድ ወላጅ የለውም» ይላል።

ጥቅምት 9

ጋሼ መሳቢያዬን እንዳለ ወሰደው። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ላንብበውና ማተሚያ ቤት ይሂድ።» የስድስት ዓመት ሥራ... ስሜን ሽፋን ላይ ላየው ነው! እናቴ ከአሁኑ ለጎረቤት አውርታ ጨርሳለች።

ጥቅምት 17

ታይፒስቷ በዓይኗ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ካርዶቼ። ጥጋቸው የለም። በመቀስ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ አንድ በአንድ። እሷ በተየበችው ሽፋን ላይ የጋሼ ስምና የወንድሙ ልጅ ስም። የወንድሙ ልጅ! እዚህ ቢሮ ሲመጣ ያየሁት ሻይ ለመጠጣት ነው።

ስንት ቀን ፈጀበት? እየቆረጠ ምን ያስብ ነበር?

ጥቅምት 18

ጠየቅኩት። ዓይኔን አላየም።

«ልጁ እድገት እንዲያገኝ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ትደርሺበታለሽ።»

«የኔ ሥራ'ኮ ነው ጋሼ!»

«መግቢያው ላይ አመሰግንሻለሁ።»

ለእናቴ ነገርኳት። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች። አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ አይቆጨኝም።

ጥቅምት 26

ከማተሚያ ቤት የእርማት ረቂቁ መጣ። አራሚዋ ማን? እኔ! አይ ድፍረት! ሳቦታጅ ላይ ስደርስ... የወንድሙ ልጅ የኔን ሰርዞ የጫማ ውርወራውን ወሬ አስገብቷል። ሳቅኩ። ልተወው? አንባቢ ይሳቅባቸው?

ትቼው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሦስት ገጽ አልፌ ሄጃለሁ። ግን መጽሐፉን ገዝቶ የሚያነብ ተማሪ ምን አደረገኝ? ተመልሼ አረምኩት። እያረምኩም ተሳደብኩ።

ጥቅምት 28

ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፤ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ከሥሩ። ቀና ሳይል «ተባረኪ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ።

በሩ ጋ ደርሼ «ደህና ይሁኑ» አልኩት።

ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ማንም አልነበረም።