ጎብኚ ሲመጣ የሚበራው ማጣሪያ

ጥቅምት 4
ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ምሳ ሰዓት ላይ ጠቁሯል። ልጄ ጭስ እያፈናት ስትስል ዋለች። ወንድም ጋሼ ላይ ቤት ይንጎራደዳል። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የጎረቤታችን የጫማ ሶል ፋብሪካ የቦይለር ኃላፊ። ምድር ቤቱን በነፃ ስለሰጠን የፈጠረን ይመስለዋል። ሶሉ ጎረቤት አገር ሄዶ ጫማ ይሆናል፤ ከዚያ ባሕር ማዶ። ጭሱ ግን የትም አይሄድም... እኛው ጋ ነው።

ጥቅምት 9
ሐኪሟ፣ "ከዚህ ሰፈር አውጫት" አለችኝ። ወዴት? ማን ዘመድ አለኝና?

ስለ ጭሱ ወንድም ጋሼን ጠየቅኩት።
"የጭስ ማጣሪያ አለን እኮ" አለ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።
"ታዲያ ለምን አይበራም?"
"መብራት ይበላላ። የሶሉ ገዢዎች ሊጎበኙ ሲመጡ እናበራዋለን።"
ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የነገረኝ።

ጥቅምት 15
ገዢዎቹ ዛሬ መጡ። ማጣሪያው ከጠዋት ጀምሮ በራ። ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዴም አልሳለችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ለካ ይቻላል? መኪናቸው ከበሩ ሳይርቅ ጭሱ ተመለሰ።

ጥቅምት 17
ደወልኩ። ቁጥሩ የፋብሪካው በር ላይ ተጽፏል። የገዢዎቹ ጸሐፊ መስዬ በአፍንጫዬ እያወራሁ፣ "ነገ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ሰዓቱ አልታወቀም" አልኩ። ዘበኛው "እሺ እመቤቴ" አለኝ። እኔ እመቤት...

ጥቅምት 18
ቀኑን ሙሉ ጥርት ያለ ሰማይ። ወንድም ጋሼ ክራቫት አስሮ የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቅ ዋለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 29
ለአምስተኛ ጊዜ ደወልኩ። አላበሩም። "አንዲት እብድ ናት የምትደውለው" አለ ወንድም ጋሼ ሲገባ። "ከእንግዲህ ማንም ቢደውል ማጣሪያውን አልነካም።" እብዷ እኔ ነኝ? ልጄ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ዋልን።

ኅዳር 6
እውነተኞቹ ጎብኚዎች መጡ። ቀድመው ደውለው ነበር አሉ... ዘበኛው ስቆ ዘጋባቸው። ጭሱን ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ኅዳር 14
የሶሉ ግዢ ትዕዛዝ ለሌላ አገር ፋብሪካ ተሰጠ። ጭሱን የሚተፋው ቦይለር ቆመ። ወንድም ጋሼ ከሥራ ተባረረ።

ወርዶ ደጄ ላይ ቆመ። "ያቺን እብድ ባገኛት..."
"እኔ ነኝ" አልኩት። እንዲያምነኝ "ነገ ጎብኚዎች ይመጣሉ" ብዬ በአፍንጫዬ ደገምኩለት።
ፊቱ አመድ መሰለ። "የወንድሜ ሚስት ባትሆኚ..." አለና የቀረውን ዋጠው። "እስከ ቅዳሜ ቤቴን ልቀቂ።"

ይቅርታ አልጠየቅኩም። አልጠይቅምም። ልብሳችንን እየሸከፍኩ ነው። ልጄ ግቢው ውስጥ ገመድ ትዘላለች። እስከ ሃምሳ ቆጠረች፤ አልሳለችም። ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም።