በቀኝ ጆሮ ብቻ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እጅሽስ? ጄሶው ተፈታልሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ይህችን ነገር አደራ እንዳትረሻት። ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ነርስ የጓደኛዬ እህት ናት። አንብበሽ እዚያው መልሺላት፤ ቤት ይዘሽው እንዳትገቢ።

የሰርግሽን ዲስክና ጆሮ ማዳመጫውን የላክሽልኝ ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነበር። የማዳመጫው ግራ ጆሮ አይሰማም። አሮጌዋን ለእኔ ወረወረችልኝ ብዬ ለእማዬ አማሁሽ። በዚያ ላይ በቴሌቪዥን ሳይሆን በኮምፒውተርሽ እዪው ማለትሽ! ኮምፒውተሬ እንደሆነ እንደኔ ግትር ነው፤ ዲስኩን ዋጥ አደረገና ምንም የለበትም አለኝ። የመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሻን ሳቀብኝ። ይሄ የድሮ ቪሲዲ ነው፣ ሁሉን የሚከፍት ማጫወቻ ጫኚበት አለኝ። ጫንኩ፤ ከፈተ።

ስንቴ ያየነው ሰርግ! ዘፈኑ ግን የለም። የሰው ጫጫታና የሳህን ኳኳታ ብቻ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ቴክኒሻኑን ብጠይቀው፣ ያኔ አንዳንድ የቪዲዮ አቀናባሪዎች ዘፈኑን በግራ ጆሮ፣ የአዳራሹን ድምፅ በቀኝ ያስገቡት ነበር አለኝ። ሁለቱ አብረው ሲወጡ ዘፈኑ ወሬውን ይውጠዋል።

ኬኩ ጋ ደረስኩ። አማትሽ ወደ ባልሽ ጆሮ ጠጋ ይላሉ፤ ሁሌ ሲመርቁት ነው የምንለው ቦታ። ምርቃት አይደለም፣ እትዬ።

«ልጄ፣ ይችን እንኳ እንደ ፊተኛዋ አታድርጋት። ያኔ ከደረጃ ወደቀች ስንል አመኑን። ደግመን ብንል ማን ያምነናል?»

እሱ ሳቀ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በፍሬም የሰቀልነው ያ ሳቁ ነው። ፊተኛዋ ሚስቱ ታማ ነው የሞተችው አልነበር ያሉን?

ፈርቻለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስለኛል። ደረጃ ላይ አዳለጠኝ ስትይኝ እኔ ሞኟ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ ብዬ ቀለድኩብሽ። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

ሐሙስ እሱ ሥራ እንደገባ እደውላለሁ። አማትሽ አጠገብሽ ስለሚሆኑ፣ እማዬ በጠና ታማለች ድረሽ ብዬ አለቅሳለሁ። ውሸት ነው፣ አንቺ ግን ደንግጪ። አጎታችን መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቅሻል። ሻንጣ አትያዢ፤ ልብስሽ ገደል ይግባ።

ትናንት እማዬ ማዳመጫውን አገላብጣ አየችው። በግራው ሽቦ ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ፈታች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ አንድ ጊዜ አይታ «ይሄ አልተበጠሰም። በመቀስ ነው የተቆረጠው» አለችኝ። ለካ ቀኙን ብቻ እንድሰማ ነው የቆረጥሽው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ምግብ አልቀመሰችም።

ፈጣሪ እስከ ሐሙስ በእጁ ይያዝሽ። ደረጃውን ማንም ከኋላሽ ሳይኖር ውረጂ።

ዘግይታ የሰማችሽ
ታናሽሽ