የጋሽ ፒያኖ አልበሞች አጭር መመሪያ፣ ትርፍ ቁልፉን ለያዙት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ እንቅልፍዎ የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ የምኖረው ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኔ በላይ የሚኖሩት፣ የሕንፃው ልጆች «ጋሽ ፒያኖ» የሚሏቸው የሮክ ሙዚቀኛ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ባንኳኳም መልስ የለም። በሩን በትርፍ ቁልፍዎ እንዲከፍቱልኝ ብለምንዎ፣ «እንኳን ዝም አለልን! ዝምታው ካስጨነቀሽ ምክንያትሽን በጽሑፍ አቅርቢ» ስላሉኝ፣ መልካም መስተንግዶዎን እያመሰገንኩ የአልበሞቻቸውን መመሪያ እነሆ አቅርቤያለሁ።

1. የመጀመሪያውን አልበም ከመጨረሻው ዘፈን ይጀምሩት፤ ፒያኖው እንደ ከበሮ የሚደበደብበት ነው። መብራት በጠፋበት ክረምት በጨለማ የተሠራ ሲሆን፣ እርስዎም ባትሪ ይዘው እየወጡ በራቸውን ይደበድቡ ነበር። ያኔ ደረጃው አልከበደዎትም።

2. ሁለተኛው ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ሳለ በግራ እጅ ብቻ የተሠራ ነው። ችኩል ሰው አሰልቺ ይለዋል፤ እኔ ግን የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በእሱ ምት ነው።

3. ሦስተኛውን ብቻዎን ሆነው ባይሰሙት ይሻላል። ባለቤታቸው የሞቱ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ገና ሳይወጣ ፒያኖው ላይ ተቀምጠው የጀመሩት ነው። እርስዎም የሐዘን ቃልዎን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልከውላቸዋል፤ እንዲህ ያለ አዛኝ ከየት ይገኛል!

እንግዲህ ጨለማ፣ ስብራትና ሞት ዝም ያላሰኟቸውን ሰው ዛሬ ምን ዝም አሰኛቸው?

አራተኛው አልበም ገና አላለቀም። ትናንት አዲሱን ዘፈን መሐል ላይ አቋርጠው ወደ ወጥ ቤት ሲራመዱ ሰማሁ፤ ቧንቧ ተከፈተ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ወደቀ። ቧንቧው እስካሁን አልተዘጋም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ይህኛው ግን ወርቅ አይመስለኝም። ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። መኪናዬን ባቆም የምሰማው ያንን ውኃ ብቻ ነው፤ ብረግጠው ደግሞ ሲጣሩ ባልሰማቸውስ ብዬ መልሼ አቆመዋለሁ። በሩ ብረት ነው፤ ፖሊስም ቢሆን አስተዳዳሪው ያመልክቱ ብሎኛል።

የኮቴዎን ድምፅ ከማንኛውም ሙዚቃ አስበልጣ በትሕትና የምትጠባበቅ፣
ታዛዥ ተከራይዎ፣ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አሳንሰሩ በር ላይ ልለጥፍ ስነሣ ጣሪያዬ ማንጠባጠብ ጀመረ። ስለ ሰውዬው መምጣት ከከበደዎት፣ እባክዎ ስለ ጣሪያዎ ይምጡ።