የተዘለሉት አሥራ ሦስት ዓመታት

ጉለሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቤዛብሕ፣

የጌታ ሰላም ያለህበት ዱባይ ድረስ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። እህትህ ሮሃ ከአጠገቤ አልተለየችም፤ ብዪ ጠጪ እያለች ታስጨንቀኛለች። ድንኳኑ ትናንት ተነሣ። ከዚህ በታች የምጽፍልህን በስልክ ብነግርህ ስለምጮህብህ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

የአባትህን ቀብር በቀጥታ ሥርጭት ስታይ መሀል ላይ እንደተቋረጠብህ ነግረኸኛል። ኔትወርክ አይደለም። እኔ ማይኩን ስይዝ አባትህ ይመራው የነበረው ፋብሪካ ሰዎች ናቸው ያስጠፉት። ስለዚህ ያላየኸውን ልንገርህ።

የካርቶን ፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ዓምሃ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። ትውልዱን አነበበ፣ ትምህርቱን አነበበ፣ እሺ። ከዚያ "ከ1977 እስከ 1990 ዓ.ም. በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በልዩ ልዩ ኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ" ብሎ ዘለለና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አደረገው። አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ትንፋሽ! እነዚያን ዓመታት ግማሹን አባትህ አጫውቶኛል፣ ግማሹን አብሬው ኖሬዋለሁ።

ተነሣሁ። ሮሃ ነጠላዬን ያዘችኝ፤ ነጠላውን ጥዬላት ሄድኩ። ዓምሃ "ትንሽ ይታገሡ" ቢለኝም ማይኩን ቀማሁት።

"እዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ሰው አላውቀውም" አልኩ። "የኔ ባል ወታደር ነበር።"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከዊንጌት ሠፈር ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ስድስት ዓመት ሰሜን እንደተዋጋ፣ ጦሩ ሲበተን በቆሰለ እግሩ ከጎንደር አዲስ አበባ እንደገባ ተናገርኩ። የደርግ ወታደር እየተባለ ስንት በር እንደተዘጋበት፣ በመጨረሻ ይኸው ፋብሪካ በዘበኝነት እንደቀጠረው፣ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሞ ሠራተኛ እየፈተሸ የማታ ትምህርቱን እንደጨረሰ ተናገርኩ። ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆነም በኋላ ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ከመኪናው ወርዶ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ ይፈተሽ ነበር። ይህንን ስል ዘበኛው ዋቅቶላ ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "በየቀኑ እኔ ነኝ የፈተሽኳቸው" አለና አለቀሰ። ሠራተኛው ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

ከቀብር መልስ ዓምሃ ቤት መጥቶ፣ "እትዬ፣ እኔ የተላከልኝን ነው ያነበብኩት" አለና ስልኩን አሳየኝ። የላክኸው አንተ ነህ። ለኔ ግን ፋብሪካው ነው የጻፈው ብለኸኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አለቆችህ ሥርጭቱን እንደሚያዩ ነግረኸው እንደነበር ዓምሃ ሲነግረኝ፣ በአባትህ ወታደርነትና ዘበኝነት እንዳፈርክ ገባኝ። ተናድጄብሃለሁ ልጄ። ከንዴቴም ሐዘኔ ይበልጣል።

አባትህ በር ሲጠብቅ የሚለብሰው ካፖርት ከጦርነት ይዞት የመጣው ነው። አንተ ስትወለድ መጠቅለያ ስላልነበረን ከሆስፒታል ያወጣንህ በዚያ ካፖርት ጠቅልለን ነው። ክረምት ነበር፤ የእንጦጦን ብርድ ታውቀዋለህ። ካፖርቱ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ለማንም አልሰጠውም።

የመቃብሩን ድንጋይ አዝዣለሁ። ፋብሪካው እኔ ላሠራ ብሎ ነበር፤ አይሆንም አልኩ። "ወታደር፣ ዘበኛ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ" ይላል፤ የሦስቱም ፊደል እኩል ነው። ከግርጌው ያሠራው ቤተሰብ ስም ይሰፍራል። የኔና የሮሃ ተቀርጿል። ያንተን ቦታ ባዶ አስቀርቼዋለሁ። መጥተህ ሦስቱንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስታነብልኝ፣ ቀራጩ በዚያው ቀን ስምህን ያስገባል። ተነጋግረናል።

እስከዚያው ጌታ በወጣህበት በገባህበት ይጠብቅህ። ቁርስህን አትዝለል።

እናትህ ዓለምነሽ፣
የዘበኛው የግዛቸው ሚስት